በዝናብ ወራት የቤት ውስጥ ተባዮች፦ መርዝ ከመግዛታችሁ በፊት

በዚህ ዕትም የጤና ትምህርት ገጻችን ስለ ትኋን፣ ስለ አይጥ፣ ስለ ነቀዝ እና ስለ ቅማል እንነጋገራለን። «ይህ የቤት ጉዳይ እንጂ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው ወይ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። በዝናብ ወራት በተባይ የተነሳ ወደ እኛ ከሚመጡት ሕሙማን መካከል በጣም የሚያስደነግጡን ተባይ የነከሳቸው አይደሉም። ለተባዩ ተብሎ በተረጨ ወይም በተቀመጠ ኬሚካል የተመረዙት ናቸው፤ በተለይም ሕፃናቱ።

አገር ቤት ሳለን ክረምት የምንለው ሰኔ ገብቶ መስከረም ሲጠባ ይወጣ ነበር። እዚህ ናኪቫሌ ግን ዋናው ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ። አንዱ ዝናብ የሰነጠቀውን ግድግዳ በወጉ ሳንመርገው ሌላው ይደርሳል። ዝናብ ሲጥል በሜዳው ያለው የአይጥ ጉድጓድ ውሃ ይሞላና አይጡ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። እኛም እንደዚያው ነን፤ በር ዘግተን፣ ተጠጋግተን እንተኛለን። ልብስ ስለማይደርቅ ማጠብ እንቀንሳለን፤ ፍራሽም ለሳምንታት ፀሐይ ሳያይ ይቆያል። ለተባይ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

መድኃኒት ወይስ መርዝ?

በአነጋገራችን አንድ ችግር አለ። ትኋን የሚገድለውን «የትኋን መድኃኒት»፣ አይጥ የሚገድለውን «የአይጥ መድኃኒት»፣ ነቀዝ የሚገድለውን ደግሞ «የነቀዝ ክኒን» እንላለን። ልጆቻችን ይህን እየሰሙ ያድጋሉ። መድኃኒት ማለት ሲታመሙ እናት በማንኪያ የምትሰጠው ነገር እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጠርሙስ «መድኃኒት» ብላችሁ ከጠራችሁት ልጁ ቢቀምሰው ሊገርመን አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ በቤታችሁ ውስጥ ስሙን «መርዝ» በሉት። ገንዘብ የማይጠይቅ የመከላከያ ዘዴ ነው።

በሰፈራችን ብዙ ሰው ስለሚያርስ የእርሻ ኬሚካል በየገበያው ይገኛል። ቸርቻሪው ከትልቁ ዕቃ እየቀዳ በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይሸጣል። ስሙ፣ መጠኑና ማስጠንቀቂያው ትልቁ ዕቃ ላይ ይቀራል፤ ገዢው ቤቱ የሚወስደው ስም የሌለው ነጭ ወይም ቢጫ ፈሳሽ ነው። ይህ ለቲማቲምና ለበቆሎ ማሳ የተሠራ እንጂ ሰው ለሚተኛበት ክፍል የተሠራ አይደለም። ማሳ ላይ ነፋስና ፀሐይ ያነሱታል። መስኮት በሌለው የጭቃ ቤት ውስጥ ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን በሌሊት አዝላ መጣች። ልጁ አፉ በለሃጭ ተሞልቷል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጡንቻው ይርገበገባል። ጎረቤት «ምች ነው» ብሏል፤ አባትየው ወባ መስሎታል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ ስናየው «ዛሬ ቤት ውስጥ ምን ረጫችሁ?» ብለን ጠየቅን። ፍራሹ ከሰዓት በኋላ ለትኋን ተረጭቶ፣ ዝናብ ስለመጣ ሳይደርቅ ወደ ቤት ገብቶ፣ ልጁ እርቃኑን ተኝቶበታል። ልጁ ድኗል። እናትየው ስለ መርጨቱ ያልነገረችን ለመደበቅ ብላ አይደለም። ልጁ ስላልጠጣው ምንም የሚያደርገው አልመሰላትም። እንዲህ ያለው ኬሚካል በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም በትንፋሽም ይገባል።

ትኋን

በመጀመሪያ ኀፍረቱን እናስወግድ። ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት አይደለም። የሚፈልገው የሰው ደምና የሚሸሸግበት ስንጥቅ ነው፤ ሁለቱም በንጹሕ ቤትም በቆሻሻ ቤትም ይገኛሉ። ወደ ቤታችን የሚመጣው ከገበያ በተገዛ አሮጌ ፍራሽና አልጋ፣ በአውቶቡስ በመጣ ሻንጣ፣ ወይም ብዙ ሰው በሚተኛበት ማረፊያ ካደረ ብርድ ልብስ ጋር ነው። ሰው ስለሚያፍር ይደብቃል፤ ሲደብቅ ለጎረቤት ያዛምታል።

ሁለተኛ፣ የሚያሳክካችሁ ትኋን መሆኑን አረጋግጡ። ቤቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ረጭተው «አልጠፋ አለ» ብለው ሲመጡ ስናያቸው ችግራቸው እከክ ሆኖ የሚገኙ ሰዎች አሉ። እከክ በቆዳ ውስጥ የምትኖር በጣም ትንሽ ተባይ የምታመጣው በሽታ ነው፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብ ዙሪያና በብልት አካባቢ ሌሊት ሌሊት ያሳክካል፤ አብዛኛውን ጊዜም የቤተሰቡን አባላት ተራ በተራ ይይዛል። ይህ የሚድነው በቆዳ ላይ በሚቀባ ሕክምና ነው እንጂ ግድግዳ በመርጨት አይደለም። ትኋን ግን ከልብስ ውጭ የቀረውን ገላ፣ ማለትም ክንድን፣ አንገትን፣ ፊትንና እግርን ይነክሳል፤ ብዙ ጊዜም ንክሻው በመስመር የተደረደረ ይመስላል። በፍራሹ ስፌትና በአልጋው መጋጠሚያ ላይ እንደ ቀለም ጠብታ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ የትኋን ኩስ ነው። ትልቁ ትኋን ራሱ የምስር ፍሬ ያህላል፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው።

ትኋን በሽታን ከሰው ወደ ሰው ስለማስተላለፉ የተረጋገጠ ነገር የለም። ይህን የምነግራችሁ እንድትተዉት ሳይሆን እንዳትደናገጡ ነው። ጉዳቱ እንቅልፍ ማጣትና የታከከው ቆዳ መመረዝ ነው። የልጆችን ጥፍር ቁረጡ፣ የታከከውን በውሃና በሳሙና እጠቡ። መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

አሁን ወደ ማጥፋቱ እንምጣ። ሴቷ ትኋን በየቀኑ ጥቂት እንቁላል በስንጥቅ ውስጥ ታጣብቃለች። እንቁላሉ በሞቃት ቦታ ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የተፈለፈለችው ደግሞ አምስት ጊዜ ቆዳዋን ገልፍፋ፣ በየመካከሉ ደም መጥጣ፣ ከአንድ ወር በላይ ቆይታ እንቁላል ጣይ ትሆናለች። ያልተራበ ትኋን በስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ የተራበውም ቢሆን ደም ሳያገኝ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ቤቱን ለሁለት ሳምንት ለቅቀን እንመለስ» የሚለው አይሠራም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ዘመቻም አይሠራም፤ ዛሬ ትልልቆቹን ብትጨርሱ ከሳምንት በኋላ እንቁላሎቹ ይፈለፈላሉ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ለይታችሁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሳታቋርጡ ከሠራችሁ ግን አዲሶቹ እንቁላል ለመጣል ሳይደርሱ ታገኟቸዋላችሁ።

በብዙ የዓለም ክፍል ያለው ትኋን በቤት ውስጥ የሚረጩትን የተለመዱ ኬሚካሎች መቋቋም ችሏል። ሙቀትን ግን አልቻለም። ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ትልቁንም እንቁላሉንም ይገድላል። የፈላ ውሃ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። የእንጨት ወይም የብረት አልጋውን አውጥታችሁ ፍቱት፤ በመጋጠሚያው፣ በምስማር ቀዳዳውና በስንጥቁ ውስጥ የፈላ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ልጆች በአካባቢው አይኑሩ። አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ፈልቶ የማይታጠበውን ልብስ በጥቁር ላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ አስራችሁ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጡ።

ስለ ፍራሽ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ፀሐይ የሚያሞቀው የፍራሹን ፊት ነው። ትኋኑ ሙቀቱ ሲሰማው ወደ ታችኛው ወገን ይሻገራል። ስለዚህ አንዴ አስጥቶ እስከ ማታ መተው ዋጋ የለውም፤ እየገለበጣችሁ፣ በእንጨት እየመታችሁ፣ ስፌቱን በጠንካራ ብሩሽና በሳሙና ውሃ እየፈተጋችሁ አስጡት። በዝናብ ወራትም ቢሆን ከጠዋት ጀምሮ ጥቂት ሰዓት ፀሐይ የሚወጣበት ቀን አይጠፋም። ያን ቀን አትለፉት፤ ሌላው ሥራ ይቆይ።

ከዚያ ግድግዳው አለ። የጭቃ ቤት ስንጥቅ ለትኋን አልጋው ነው። ጭቃና እበት በጥሩ ሁኔታ አላቁጣችሁ ስንጥቁን ምረጉት፤ እናቶቻችን ቤት ሲለቀልቁ ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው፤ ከመርዙም በላይ ይጠቅማል። አልጋውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁት፤ ብርድ ልብሱ መሬት አይንካ። የአልጋውን እግር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አቁማችሁ ጣሳው ውስጥ የሳሙና ውሃ ብታደርጉ ከወለል የሚወጣው ትኋን እዚያ ይቀራል። ውሃውን ግን በየሁለት ሦስት ቀኑ ለውጡት፤ አለበለዚያ ትኋን ስታጠምዱ ትንኝ ታረባላችሁ። በአንድ ረድፍ በተሠሩ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች የምትኖሩ ደግሞ ጎረቤቶቻችሁን አማክራችሁ ሁላችሁም በአንድ ቀን ሥሩ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ትኋኑን ለሳምንት ወደ ጎረቤት ከመላክ በቀር የሚያገኘው ነገር የለም።

ናፍጣና ኬሮሲን አልጋ ላይ ማፍሰስም በየቤቱ ይታያል። በኩራዝ በሚበራ ቤት ውስጥ ይህ ምን እንደሚያስከትል መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

አጎበሩስ?

ትኋን በአጎበሩ ስፌትም ስለሚገባ «አጎበሩ ነው ትኋን ያመጣው» ብለው አጥፈው ያስቀመጡት አሉ። ዶሮ ማገጃ ያደረጉትም አሉ። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ትኋን እንቅልፍ ይነሳል እንጂ አይገድልም፤ ወባ ግን ይገድላል፤ እዚህ አካባቢ ደግሞ በተለይ ከዝናቡ ጋር ይጨምራል። ትኋኑን ከስፌቱ በእጃችሁ ልቀሙ፤ አጎበሩን በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ቀስ ብላችሁ እጠቡ፤ በረኪና አይግባበት፣ የፈላ ውሃም አይፈስበት። ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ፀሐይ በአጎበሩ ላይ ያለውን ኬሚካል ያጠፋዋል። ፍራሽ ለፀሐይ፣ አጎበር ለጥላ ብላችሁ ያዙት። አዲስ የተሰጣችሁን አጎበር ደግሞ ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ ቀንና ሌሊት ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ አናፍሱት።

የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ለቤታችሁ ጡብ ጭቃ የቆፈራችሁበት ጉድጓድ ዝናብ ሲሞላው ዋና መራቢያዋ ነው። ሙሉት፣ ወይም ቦይ ቀድዳችሁ አፍስሱት። በየሳምንቱ ካደረቃችሁት ትንኟ ሳትበር ትሞታለች።

አይጥ

አንድ ትልቅ የቤት አይጥ በቀን 25 ግራም ያህል እህል ይበላል። በቤታችሁ ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ ዐሥር አይጥ ቢኖር በቀን ሩብ ኪሎ፣ በወር ሰባት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ይህ በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸው ሳይጨመር ነው። በእርዳታም ይሁን በገንዘባችሁ ያገኛችሁት በቆሎና ባቄላ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው።

የጤናውን ጉዳይ በተመለከተ፣ የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጀርሙ በጎርፍና በኩሬ ውሃ ውስጥ ይቆይና በቆሰለ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍ በኩል ይገባል። ትኩሳት፣ ከባድ የጡንቻ ሕመም በተለይም የባት ሕመም፣ የዓይን መቅላት፣ ሲብስም የዓይን ቢጫ መሆን ያሳያል። ትኩሳቱ ወባ ስለሚመስል፣ የወባ ምርመራችሁ ነፃ ከሆነና በጎርፍ ውሃ ውስጥ የቆያችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። እግራችሁ ላይ ቁስል ካለ ሳትሸፍኑ ወደ ጭቃ አትግቡ። የአይጥ ኩስ በደረቁ አትጥረጉ፤ በበረኪና ውሃ አርሱትና ጠርጉት።

አይጥን ለማራቅ የመጀመሪያው ሥራ ምግብ መንሣት ነው። ጆንያ ለአይጥ በር አይደለም፤ ክዳን ያለው የብረት በርሜል ወይም ጠንካራ ጄሪካን ያስፈልጋል። የእራት ዕቃ ሳይታጠብ አይደር። ቀጥሎ መግቢያውን ዝጉ፤ የቤት አይጥ ትንሿ ዝርያ ስድስት ሚሊ ሜትር ባላት ቀዳዳ፣ ማለትም እስክሪብቶ በሚያስገባ ቀዳዳ፣ ታልፋለች። ጭቃ ብቻውን ይቆፈራል፤ የተሰበረ ጠርሙስ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ከጭቃው ጋር ምረጉበት። ሦስተኛው ወጥመድ ነው። አይጥ መሐል ወለል አያቋርጥም፤ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ወጥመዱን መሐል ቤት ሳይሆን ግድግዳ ሥር አስቀምጡት። የሞተውን አይጥ በባዶ እጅ አትንኩ፤ እጃችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ አንሱና ቅበሩት። ድመት ያላችሁ መርዝ አታስቀምጡ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለችና።

አይጥ ሲበዛ እባብ ተከትሎት ይመጣል። ስለ እባብ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን፤ ለአሁኑ የተነደፈውን ሰው ሳትበጡና ሳታስሩ በፍጥነት አምጡት ከማለት አላልፍም።

የነቀዝ ክኒን

ይህን ክፍል ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸው።

በእህል ውስጥ የሚደረገው ግራጫ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ክኒኑ ራሱ አይደለም ነቀዙን የሚገድለው፤ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ነው። ጋዙ ነቀዝና ሰውን አይለይም። እንግዲህ አስቡት፤ የዝናብ ወር ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ በሩ ተዘግቷል፣ ጆንያው ከአልጋው አጠገብ ነው። እርጥበቱ በበዛ ቁጥር ጋዙ በፍጥነት ይወጣል። በጆንያም፣ በበር ሥርም፣ በጋራ ግድግዳ ስንጥቅም ያልፋል። የተመረዘው ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ይሰማዋል፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሌሊት ሲታመም ምግብ የተመረዘ ይመስላል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ሐኪም ቤት የሚደረገው ትንፋሽንና ደም ዝውውርን ደግፎ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ክኒን ለትኋን ብለው ፍራሽ ሥር ያስቀመጡም አሉ። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ግድግዳ በሚጋራ ቤትም ቢሆን፣ በምንም ምክንያት አይደረግም። በቤታችሁ ካለ ውሃ እንዳይነካው ተጠንቅቃችሁ ከመኖሪያ ቤት አርቁትና የመንደራችሁን የጤና ቡድን አባል አማክሩ። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥም አትጣሉት፤ እዚያ ያለው እርጥበት ጋዙን ያስነሳዋል።

ታዲያ ነቀዙን ምን እናድርገው? እህሉን አድርቁ፤ ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ እስከ አፉ ሙሉና ግጠሙት። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። ንጹሕ ጄሪካን ክዳኑ በደንብ ከገጠመ ይሠራል፤ በገበያ የሚገኘው ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢትም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው። ኬሚካል የነበረበት ጄሪካን ግን ቢታጠብም ለእህልም ለውሃም አይሆንም። እህሉ ካልደረቀ ደግሞ ይሻግታል፤ ሻጋታው ራሱ ለጉበት መርዝ ነው። ለመመርመር ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ነቅንቁት፤ ጨው በጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ይጠብቅ።

ቅማል

የራስ ቅማል ያሳፍራል እንጂ ከባድ በሽታ አያመጣም። የልብስ ቅማል ግን ሌላ ነው። የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ተስቦን እና ግርሻ የምንለውን የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያስተላልፈው ይህ ነው። አገር ቤት በክረምት፣ ሰው በብርድ ተጠጋግቶ በሚያድርበት ጊዜ እንደሚነሳ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የስደት መንገድም ለእሱ ይመቸዋል፤ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ በገቡ ስደተኞች ላይ ይኸው በሽታ ተገኝቷል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የግርሻ ጀርም በዋናነት የሚገባው በንክሻው አይደለም፤ ቅማሉ ሲጨፈለቅ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ በታከከ ቆዳ ወይም በእጅ ወደ ዓይንና አፍ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መጨፍለቅ፣ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ይቅር። ልብሱን ቀቅሉት፤ ስፌቱን በሙቅ ካውያ ተኩሱት። ሁለት ልብስ ካላችሁ ያወለቃችሁትን በላስቲክ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ቅማል ከሰው ገላ ተለይቶ ከሳምንት በላይ ብዙም አይቆይም፤ ቀሪው ጊዜ ለሚፈለፈለው እንቁላል ነው።

ትኩሳት ለጥቂት ቀን ይዞ፣ ለቆ፣ ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በኋላ ተመልሶ ከያዛችሁ ለደም ምርመራ ኑ። ሕክምናው ይገኛል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ከባድ ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል። ጀርሞቹ በብዛት ሲሞቱ የሚፈጠር ነገር ነው። ስለዚህ «እዚህ ቆዩ» ስንላችሁ ቆዩ፤ ከሱቅ ክኒን ገዝታችሁም ቤት አትዋጡ።

ዝንብና በረሮን በተመለከተ ብዙ አልልም። መጸዳጃ ቤት ይከደን፣ ምግብ ይሸፈን፣ ቆሻሻ በየሳምንቱ ይቀበር፤ ዝንብ በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ዐሥር ቀን እንኳ ስለማይፈጅባት ከሳምንት በላይ አታዘግዩት። ሙጀሌ ደግሞ የበጋ ጉዳይ ነውና በጊዜው እንመለስበታለን።

መርዝ ነክቶ ከተገኘ

ለሃጭ መብዛት፣ እንባ፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መርገብገብ እና የትንፋሽ መቸገር የተረጨ ኬሚካል ምልክቶች ናቸው። ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ልብሱን በሙሉ አውልቃችሁ ገላውን፣ ፀጉሩንና ጥፍሩን ጭምር በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ እናንተም እጃችሁን በላስቲክ ሸፍኑ። ዓይኑን ከነካው ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያፈሰሳችሁ እጠቡ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት።

አታስመልሱት። ወተት፣ ዘይት ወይም ጥሬ እንቁላል አትስጡት። በተለይ ኬሮሲን የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ ሲደረግ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባና ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

የአይጥ መርዝ የበላ ልጅ በዚያን ቀን እየተጫወተ ሊውል ይችላል። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለሆነ መድማቱ የሚጀምረው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው። «ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በበላበት ቀን አምጡት።

ስትመጡ ጠርሙሱን ወይም መጠቅለያውን በላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚሆን ለማስታወስ ሞክሩ። ማንም አይቆጣችሁም። ጠርሙሱ ስም ከሌለው እናንተ ልጁን ይዛችሁ ስትመጡ ሌላ ሰው ወደ ሻጩ ላኩ፤ ከትልቁ ዕቃ ላይ ያለውን ስም ፊደሉን እንዳለ ጽፎ ያምጣልን።